አሮጌ መኪና በላስታ ዳገት

በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ጥግ፣ ከባሕር ዛፍ ሥር፣ ጎማው ተንፍሶ መስተዋቱ አቧራ ለብሶ የቆመ አንድ አሮጌ መኪና አይጠፋም። ይህ መኪና በንብረት ክፍል መዝገብ ላይ «ከአገልግሎት ውጭ» ተብሎ ተጽፎ ሐራጅ የሚወጣበትን ቀን ይጠብቃል። ቀኑ ደርሶ የሚገዛው ሰው ግን የገዛው ቁርጥራጭ ብረት ነው ብሎ አያስብም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ያው መኪና ሞተሩ ተለውጦ፣ ባሌስትራው ተደርቦ፣ በጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ ተሠርቶለት፣ በአንድ ተራራማ ወረዳ መምህርና ነጋዴ፣ እህልና በሽተኛ ሲያመላልስ ይታያል።

የዛሬው ንግግራችን የሚነሣው ከዚህ ነው። አሮጌን መኪና እየጠገኑና እያሻሻሉ ዕለት ዕለት ማሠራት ቁጠባ የሚሆነው መቼ ነው? አደጋ የሚሆነውስ መቼ ነው? ነገሩ የጋራዥ ሰዎች ብቻ ጉዳይ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ለመኪናው የነዳጅና የጥገና ወጪ የሚፈርመው፣ ለሐራጅ የሚያቀርበው፣ በዓመቱ መጨረሻም መርምሮ ቦሎ የሚሰጠው የመንግሥት ሠራተኛ ነውና ታሪኩን ማወቁ ለእርሱም ይጠቅመዋል።

ምሳሌያችንን ከላስታ የምንወስደው ያለ ምክንያት አይደለም። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከበላይዋ የቆመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ የተከዜ ወንዝም የሚነሣው ከዚሁ ደጋ ነው። ሜዳ ላይ አንድ ጉድለት ያለበት መኪና ጉድለቱን ሸሽጎ ለወራት ሊሄድ ይችላል። በላስታ ግን ዳገቱ የሞተሩን፣ ቁልቁለቱ የፍሬኑን ጉድለት በአንድ ቀን ያወጣዋል።

በዚህ አገር ከመኪናው አስቀድሞ በቅሎዋ ነበረች። ወደ ላሊበላ የሚሄደው ተሳላሚም ሆነ ከቆላው ጨው የሚያመጣው ነጋዴ ለብዙ መቶ ዓመታት የተጓዘው በእግሩና በእንስሳ ጀርባ ነው። የበቅሎ ጉዞ የራሱ ሕግ ነበረው፤ ሕጉም በአጭሩ ሦስት ነው። አንደኛ፤ ጭነቱ የሚለካው በሜዳው ሳይሆን በዳገቱ ነው፤ በሁለቱም ወገን ሚዛኑ ካልተስተካከለም እንስሳዋን ወደ ገደሉ ይጎትታታል። ሁለተኛ፤ ቁልቁለቱ ሲከፋ ጌታው ራሱ ከኮርቻው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። ሦስተኛ፤ ማታ ጭነቱ ወርዶ ጀርባዋ ይዳበሳል፤ ገጣባ የተገኘባት በቅሎ በማግሥቱ አትጫንም። እነዚህን ሦስት ሕጎች በልባችን እንያዛቸው፤ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለንና።

በሞተር የሚሄድ ሠረገላ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሊ የተባለውን መኪና ከጅቡቲ ጠረፍ አንሥቶ በረሃውንና ተራራውን አልፎ አዲስ አበባ አደረሰው፤ አዲስ ነገር ይወዱ የነበሩት ንጉሠ ነገሥትም ተቀምጠውበት ሄዱ። መኪናው የመጣበት ጉዞ ግን የሚያስተምር ነው። መንገድ በሌለበት ስፍራ ሁሉ ድንጋይ እየተነሣ፣ በገመድ እየተጎተተ፣ በብዙ ሰው ትከሻ እየተገፋ ነበር የመጣው። በብዙ ቦታ መኪናው ሰውን ሳይሆን ሰው መኪናውን ተሸከመው ማለት ይቻላል። መኪና ብቻውን ሥልጣኔ እንዳልሆነ፣ ከመንገዱ ጋር መስማማት እንዳለበት ያን ጊዜውኑ ታየ።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም ስቴሽን ዋገን የተባለው የመኪና ዓይነት ይወለድ ነበር። አወላለዱ ከነገራችን ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ጥቂት እንመልከተው። ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለውን ርካሽ መኪና እ.ኤ.አ. በ1908 ካወጣ በኋላ የአሜሪካ አናጢዎች የመኪናውን ሻንሲ እየገዙ በላዩ ከእንጨት ሰፊ አካል ይሠሩለት ጀመር። ሥራውም ከባቡር ጣቢያ የወረደውን መንገደኛ ከነሻንጣው ወደ ሆቴል ማድረስ ነበር። ስሙም የወጣው ከዚሁ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ አነጋገር ብንመልሰው «የለገሃር ጋሪ» እንደ ማለት ይሆናል። ፎርድ ራሱ በፋብሪካው ስቴሽን ዋገን ሠርቶ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። እንግዲህ ስቴሽን ዋገን ገና ሲፈጠር የተሻሻለ መኪና ነበር ማለት ነው፤ ፋብሪካው የሠራውን የሠፈር ባለ እጅ ለራሱ መንገድና ለራሱ ጭነት እንዲስማማ አድርጎ ለወጠው። በኛ አገር ጋራዦች የሚሠራውን ሥራ የሚንቅ ሰው ይህን ታሪክ ቢያስታውስ መልካም ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጊዜ የኢጣልያ ጦር ለራሱ ማመላለሻ ብሎ ብዙ መንገድ አስቆፈረ። ከአስመራ ተነሥቶ በማይጨው፣ በአላማጣ፣ በወልድያና በደሴ አልፎ አዲስ አበባ የሚገባው ጎዳና ከእነዚህ ዋናው ነው። በዚህ ጎዳና ላይ የተመላለሰው ትልቁ የፊያት ጭነት መኪና ከቁጥሩ የተነሣ «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ ተጠራ፤ ጠላት ከተባረረ በኋላም ብዙ ዘመን ሲያገለግል ኖሯል። ወራሪው ሲሄድ ግን መኪናዎቹን ብቻ ሳይሆን ቃላቱንም ጥሎ ሄደ። ዛሬ ማንኛውም መካኒክ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ኮፋኖ፣ ላሜራ ሲል የሚናገረው ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው። ጎሚስታውም፣ ክሪኩም፣ ካቻቢቴውም እንደዚሁ ናቸው። መኪናው በሕጋዊነት የሚታወቅበት ሊብሬና በየዓመቱ የሚለጠፍበት ቦሎ ሳይቀሩ ስማቸው ከዚያው የመጣ ነው። ሕዝባችን መሣሪያውን ከነስሙ ወሰደ፤ ሥራውን ግን የራሱ አደረገው።

ከነጻነት በኋላ ያሉት ዓመታት የአሻሻይነት ትምህርት ቤት ነበሩ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ የዓለም ጦርነት ገና አልበረደም፤ መለዋወጫ ከውጭ አስመጥቶ መጠገን የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ከሁለት የተሰበሩ መኪናዎች አንድ የሚሄድ መኪና ማውጣት፣ የጎደለውን ብረት በመዶሻና በሞረድ መሥራት የግድ ሆነ። በአዲስ አበባ የሕዝብ አውቶቡስ ሥራ ሲጀመርም ጠላት ጥሏቸው የሄዱት የጭነት መኪናዎች ሰው እንዲጭኑ ተስተካክለው ነበር የተሰማሩት፤ በኋላ አንበሳ ተብሎ የታወቀው አገልግሎት መነሻው ይህ ነው። ከዚያ ወዲህም ልማዱ አልተቋረጠም። በፒክአፕ ጀርባ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ አግዳሚ ወንበሮች ተሠርተውለት ተሳፋሪው ፊት ለፊት የሚነጋገርበትን ታክሲ ሕዝቡ «ውይይት» አለው። በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ላሜራ እየተቀጠቀጠ አካል የሚሠራለትን አውቶቡስ ደግሞ «ቅጥቅጥ» ብሎ ጠራው። ስሙ ራሱ የመዶሻውን ድምፅ ያሰማል።

መንገዱንም በሚመለከት መንግሥት በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋመ። ለመንገድ እድሳት የሚሆን 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ከዓለም ባንክ የተፈቀደው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። ይሁን እንጂ የታደሱት ዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ስለ ነበሩ ላስታ ከዋናው መንገድ በስተምዕራብ፣ ከታላቁ ግድግዳ በላይ ተለይቶ ቀረ። ከወልድያ ወደ ላሊበላ መሄድ የፈለገ ሰው ተስፋው በቅሎ ነበር፤ በበጋ ደግሞ ድንጋይ የሚወጣ፣ ወንዝ የሚሻገር መኪና ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነበር።

እንዲህ ያለው መኪና በዓለም ገበያ የታየው በዚያው ጊዜ ነው። ላንድ ሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት ተወድዶ ስለ ነበር አካሉ ከአሉሚኒየም ተሠራ፤ ይህም አካሉን ከዝገት አዳነው፤ ሻንሲው ግን ብረት ስለ ሆነ ከመዛግ አልዳነም። ጃፓኖችም ቶዮታ በተባለው ፋብሪካቸው ተመሳሳይ መኪና ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1954 ላንድ ክሩዘር ብለው ሰየሙት። ሁለቱም ፋብሪካዎች ውሎ አድሮ ረጅም ጣሪያ ያለው፣ ከኋላ ወንበር የሚደረደርበት ስቴሽን ዋገን አወጡ። አራቱም ጎማ የሚስብ፣ ከተራው ማርሽ በታች ሌላ የዳገት ማርሽ ያለው፣ በቀላል መፍቻ የሚፈታ በመሆኑ ይህ መኪና ለደጋው አገር የተፈጠረ መሰለ።

ላሊበላም ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በአየር መንገድ ከውጭው ዓለም ጋር ተገናኘች። ልዕልት ሂሩት ደስታ ሰባቱ ወይራ የተባለውን ሆቴል በከተማዋ አሠሩ። አብያተ ክርስቲያናቱም እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፉ። በዚህ ጊዜ ስቴሽን ዋገን የሚለው ስም በላስታ ትርጉሙን አገኘ ማለት ይቻላል፤ ከማረፊያው እንግዳውን ከነሻንጣው ተቀብሎ ወደ ሆቴል ማድረስ ዋና ሥራው ሆነና። ባቡር ባልደረሰበት አገር «ጣቢያው» የአውሮፕላን ሜዳ ሆነ።

ከዚያ ቀጥሎ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከቻይና ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ጎብኝተው በተደረገው የኢኮኖሚ ትብብር ስምምነት መነሻነት ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚሄደው መንገድ ተሠራ፤ ሥራው የተከናወነው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው ይህ ነው። ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚገባው 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያም ለብዙ ዘመን ኮረኮንች ነበር። በ1977 ዓ.ም. የወሎ ረሀብ ጊዜ ደግሞ የእርዳታ ድርጅቶች መኪና በብዛት ወደ አገሩ ገባ። እንዲህ ያለው መኪና ሥራው ሲያልቅ ለሌላ ባለቤት ይተላለፋል፤ ሁለተኛውን ዕድሜውን የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው።

አሁን ይህ ሁለተኛ ዕድሜ ምን እንደሚመስል እንመልከት። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው በሹምሽሃ ሜዳ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ከተማው የሚመላለስ መኪና በእያንዳንዱ ጉዞ 500 ሜትር ያህል ይወጣል፤ 500 ሜትር ያህልም ይወርዳል። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳስቷል፤ በ2,500 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በአምስት እጅ አንድ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይቀልላል። አየር በራሱ ስቦ የሚሠራ አሮጌ ሞተር ያንኑ ያህል ጉልበት ያጣል። ቤንዚን የሚጠጣው ካርቡራተር ደግሞ የአየሩን መሳሳት ስለማያውቅ እንደ ቆላው ያህል ቤንዚን ያፈስሳል፤ ሞተሩም ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። ስለዚህ የቤንዚኑን መተላለፊያ ማጥበብ ከመጀመሪያዎቹ የደጋ ማሻሻያዎች አንዱ ነው።

ውኃም በደጋ ፈጥኖ ይፈላል። በላሊበላ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተር ክዳን ሥራው እንፋሎቱን አፍኖ መፍያውን ከፍ ማድረግ ነው። ክዳኑ የጠፋበት ሰው ጨርቅ ወትፎ ሲሄድ «ውኃው እንዳይፈስ ከደንኩት» ይላል፤ ነገር ግን የከደነው ቀዳዳውን ብቻ ነው፤ ሞተሩን ግን ለሙቀት አሳልፎ ሰጥቶታል። አንድ ትንሽ ክዳን ቴስታ ከመቃጠል የሚያድን መሆኑን የተረዳ ባለመኪና በላስታ ብዙ ይኖራል።

ቁልቁለቱ ግን ከዳገቱ ይብሳል። ተሳፋሪና ዕቃ ጭኖ 2,500 ኪሎ የሚመዝን አንድ ስቴሽን ዋገን ከከተማው ወደ ሹምሽሃ 500 ሜትር ሲወርድ፣ ክብደቱ የሚያፈልቀው ኀይል ቢጠራቀም 40 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ይህን ሁሉ መዋጥ ያለበት ወይ ሞተሩ ነው፣ ወይ ፍሬኑ ነው። አዋቂ ሾፌር የወጣበትን ማርሽ ይዞ ይወርዳል፤ ሞተሩ መኪናውን ይገታዋል። ያላወቀው ግን ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ ማርሹን ባዶ ያደርግና ሙቀቱን ሁሉ በፍሬን ሸራ ላይ ይጭነዋል፤ ሸራው ሲግል መያዙን ይተዋል። ጌታው በቁልቁለት ከበቅሎው ይወርድ የነበረበት ጥበብ እነሆ በመኪናም ውስጥ አለ።

የዕለቱም ኑሮ ሥርዓት አለው። ማለዳ ሞተር ከመነሣቱ በፊት ዘይት፣ ውኃና የፍሬን ዘይት ይታያል፤ ቺንጋው በጣት ይዳሰሳል፤ ጎማ ይመታል። ባትሪው የደከመ እንደ ሆነ መኪናው ማታውኑ አፉን ወደ ቁልቁለት አዙሮ ያድራል፤ ከጎማው ሥር ታኮ ይገባል። በዳገት ላይ ሲቆም ፈጥኖ የሚወርደው ረዳቱ ነው፤ በእጁም ያለው ያ ታኮ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃ ነው፤ ገና ሲደርስ ደግሞ የተሳላሚው ብዛት ነው፤ በዚያ ሰሞን ባለመኪናውን የሚፈታተነው አንድ ሰው ልጨምር፣ አንድ ጆንያ ልጨምር የሚለው ፈተና ነው።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። ማሻሻል የምንለው ሥራ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ለዳገቱ የሚደረግ ነው፤ ሌላው ለኪስ የሚደረግ ነው። ሁለቱ በዐይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ፍጻሜያቸው ግን የተለያየ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ባሌስትራ መደረብ በላስታ የተለመደ ነው። መንገዱ ኮረኮንች ስለ ሆነ ባሌስትራው እንዳይሰበር ተብሎ የተደረበ እንደ ሆነ መልካም ነው። ባሌስትራው ስለ ተደረበ ጭነት መጨመር ይቻላል ተብሎ የታሰበ እንደ ሆነ ግን ስሕተት ነው፤ ጀርባው ጠነከረ እንጂ ፍሬኑ አልጨመረም፤ ኩሽኔታውም ያው ነው። ፖርቶመጋላም እንደዚሁ ነው፤ ቀላል ዕቃ ሲጫንበት ጠቃሚ ነው፤ እህልና በርሜል ሲቆለልበት ግን የመኪናውን ክብደት ወደ ላይ አውጥቶ በጠመዝማዛው ላይ ወደ ገደሉ ያዘነብለዋል። ሚዛኑ ያልተስተካከለ የበቅሎ ጭነት የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። ትልቅ ጎማ ማግባት መኪናውን ከድንጋይ ያርቀዋል፤ ነገር ግን ማርሹን ያከብደዋል፣ የፍሬኑንም ጉልበት ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ሞተር መለወጥ ነው። ብዙ ባለመኪናዎች ቤንዚን የሚበላውን ሞተር አውጥተው ከሌላ መኪና የተወሰደ የናፍታ ሞተር ያስገባሉ፤ የእንግሊዝ አካል የጃፓን ልብ ይዞ ይሄዳል። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «አጎቴ ፈረስ ነው» አለች እንደሚባለው፣ እንዲህ ያለው መኪናም የትውልድ አገሩን ቢጠየቅ ምን እንደሚል አይታወቅም። በቅሎ ግን ከሁለት ወገን በመወለዷ ለተራራው ከሁለቱም ወላጆቿ የተሻለች እንደ ሆነች አንርሳ፤ የተለወጠው ሞተርም በትክክል ከገባ እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ናፍታ ካንዴላ አይፈልግም፤ ካርቡራተር የለውም፤ በዝግታ ዳገት ይወጣል። ነገር ግን አንድ የማይታይ ነገር አለ። የፍሬን አጋዥ በተገጠመለት መኪና ላይ የቤንዚን ሞተር አየር በመሳብ ፍሬኑን ይረዳው ነበር፤ የናፍታ ሞተር ይህን ስለማያደርግ ለብቻው ፖምፓ ይፈልጋል። ፖምፓው የተዘነጋ እንደ ሆነ መኪናው በሜዳ ደኅና ሲሄድ ውሎ የመጀመሪያው ረጅም ቁልቁለት ላይ የሾፌሩ እግር እንደ ድንጋይ የጠነከረ ፍሬን ያገኛል። ከዚህም በላይ አዲሱ ሞተር ከፊተኛው የከበደ ከሆነ የፊቱ ባሌስትራ ሊታይ ይገባል። አንዱን የለወጠ ሌላውን ሳያይ ማለፍ የለበትም።

ሕጉም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 መኪና በመዝገብ እንዲታወቅና በየጊዜው እንዲመረመር ያዛል። በሊብሬው ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር የሚጻፈው ለይስሙላ አይደለም። ቦሎ ለመስጠት የተቀመጠው ሠራተኛ መኪናውን ሳያይ ወረቀቱን ብቻ ያየ እንደ ሆነ፣ ማታ የበቅሎዋን ጀርባ ሳይዳብስ የተኛ ሰው ሆነ ማለት ነው፤ ገጣባው ነገ መንገድ ላይ ይወጣል።

ይህ ጉዳይ በቅርብ ዓመታት የበለጠ ከብዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ታክሱም እንዲጨምር አደረገ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ መንገድ ተዘጋ፣ መብራት ተቋረጠ፣ ነዳጅ ጠፋ፤ እንግዳውም ቀረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡና በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እንዲበረታቱ መንግሥት ወሰነ። የኤሌክትሪክ መኪና በቁልቁለት ሲወርድ ያን ውኃ የሚያፈላውን ኀይል በከፊል መልሶ ወደ ባትሪው የሚያስገባ ስለ ሆነ ለተራራ አገር ተስፋ ያለው ነገር ነው። ነገር ግን አንድ አዲስ መኪና እስኪገባ ድረስ አሮጌው ሥራውን አይተውም። አዲስ የማይገባ ከሆነ ባለው ላይ የሚደረገው ጥገናና ማሻሻያ እየጨመረ ይሄዳል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ ጥያቄው አሮጌ መኪና ይኑር አይኑር የሚል አይደለም፤ እንዴት ይኑር የሚል ነው።

ለዚህም መልሱ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። አንደኛ፤ መኪናው ላይ የተደረገው ለውጥ ሁሉ በቀኑ፣ በኪሎ ሜትሩና በሠሪው ስም በአንድ ደብተር ይጻፍ። ደብተር ያለው አሮጌ መኪና ደብተር ከሌለው አዲስ መኪና ይልቅ የታወቀ ነው። መሥሪያ ቤትም መኪናውን በሐራጅ ሲሸጥ ደብተሩን አብሮ ቢሰጥ ለገዢው ትልቅ ውለታ ነው፤ በዚያ መኪና ለሚሳፈሩትም ሰዎች ሕይወታቸው ነው። ሁለተኛ፤ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሠራው ፍሬን፣ መሪና ጎማ ነው፤ ቀለምና ወንበር ይቆያሉ። ሦስተኛ፤ ሻንሲው የተሰነጠቀ ወይም በዝገት የተበላ፣ ለፍሬኑም ትክክለኛ መለዋወጫ የማይገኝለት መኪና ዕድሜው አልቋል፤ እርሱን አበያይዶ ወደ ተራራ መላክ ቁጠባ አይደለም። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና በሮቹ ለሌሎች መኪናዎች መለዋወጫ ይሁኑ፤ እርሱ ግን ይረፍ።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ከወረዳ ጤና ጣቢያ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው መኪና ብዙ ጊዜ አሮጌ ነው። ፈተና ወረቀት የሚያደርሰውም፣ ማዳበሪያ የሚያወጣውም እንዲሁ። በዚያ መኪና ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ባሌስትራው ለምን እንደ ተደረበ፣ ሞተሩ ከየት እንደ መጣ አይጠይቁም፤ ይህን ጠይቆ ማወቅ የሠራው መካኒክ፣ የሚነዳው ሾፌርና ፈርሞ መንገድ የለቀቀው ሠራተኛ ግዴታ ነው። ላስታ በበቅሎ ዘመን የኖረበት ሕግ ዛሬም አልተሻረም፤ ጭነትን በዳገቱ መለካት፣ በቁልቁለት መጠንቀቅ፣ ማታም ጀርባውን መዳበስ።